በስሙ የተሸጠው፣ በዒላማው የሚፈተነው አሮጌ ጠመንጃ

ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት የወጣው ያውቀዋል። ነጠላ የለበሱ ምዕመናን ቀስ እያሉ ወደ ደጀ ሰላሙ ያዘግማሉ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጀርባቸው ላይ የቆለሉ እናቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። በመሃል ደግሞ ቱታ ያጠለቁ ሯጮች ትንፋሻቸውን እየቆጠሩ ሽው ይላሉ። የአዲስ አበባ ስፖርት አፍቃሪ እንጦጦን የሚያውቃት በዚህ ነው። ሳንባ የሚፈተንባት፣ እግር የሚሳልባት ተራራ!

የዛሬ 140 ዓመት ገደማ ግን በዚህ ተራራ ላይ የሚወራው ስለ ሯጭ አልነበረም። ወሬው ሁሉ ስለ ጠመንጃ ነበር። ያውም ስለ አሮጌ ጠመንጃ። አንድ ያገለገለ መሣሪያ በትክክል ይመታል ወይስ አይመታም የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየአገሩ የተኩስ ሜዳ ዒላማ ለሚመታ ስፖርተኛ የቅዳሜ መዝናኛ ነው። ያኔ ግን የአንድ መንግሥት የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር።

ሰባት ፍራንክ የገባው አርባ ሲባል

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ አንድ ወጣት ፈረንሳዊ በታጁራ ወደብ የግመል ሲራራ ለማዘጋጀት ደፋ ቀና ማለት ጀመረ። ስሙ አርተር ራምቦ ይባላል። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግጥም መጻፍ እርግፍ አድርጎ የተወ፣ ዓለም ግን እስከ ዛሬ በግጥሙ የሚያስታውሰው ሰው ነው። ያን ጊዜ ሐሳቡ ንግድ ብቻ ነበር። ጭነቱም ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ነው።

ምን ዓይነት ጠመንጃ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው መሣሪያዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከጦር ሠራዊት አገልግሎት የተወገዱ አሮጌዎች ነበሩ። ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል የሚጎረሱ ናቸው። ቤልጅግ አገር ሊዬዥ ከተማም ሆነ ፈረንሳይ በአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ሱቅ የአንዱ ዋጋ 7 ወይም 8 ፍራንክ ነበር። ሸዋ ላይ ደግሞ 40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። አምስት እጥፍ! የዛሬው የዝውውር ገበያ ደላላ እንኳ ይህን ትርፍ ቢሰማ ምራቁን ይውጣል።

ትርፉ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም መንገዱ ግን ሌላ ነበር። የንግድ ሸሪኩ ላባቱት ታሞ ሞተ። ከእሱ ጋር ለመሄድ ያሰበው ሌላው ነጋዴ ሶሌዬም ሞተ። ራምቦ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1886 ብቻውን 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት አስጭኖ በረሃውን ተያያዘው። አንኮበር የደረሰው በ1879 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ነው።

ቢደርስም ንጉሡ የሉም። ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ራምቦ ንጉሡን ለመጠበቅ ወደ እንጦጦ ወጣ። ሰዓቱ ደግሞ ለሻጭ አይመችም ነበር፤ ምኒልክ ከሐረር የተመለሱት ከማረኩት መሣሪያ ጋር ነውና። ክሩፕ መድፍ ሳይቀር ይዘው የመጡ ንጉሥ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ቢያዩ ምን ይላሉ?

ያሉት ይታወቃል። ዕቃውን በጅምላ በቅናሽ ወሰዱት። ለሌላ ሰው በችርቻሮ መሸጥም ተከለከለ። ራምቦ በኋላ ለፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው አቤቱታ ንጉሡ ለጠቅላላው ጭነት የቆረጡለት 14,000 ጠገራ ብር መሆኑን፣ ከዚያም ላይ 2,500ው ለግመል ኪራይና ለመንገድ ወጪ፣ 3,000ው ደግሞ የሟች ሸሪኩ ዕዳ ነው ተብሎ መቀነሱን እያማረረ ዘርዝሯል። የቀረው ገንዘብም ቢሆን እዚያው እጁ ላይ አልተቆጠረለትም፤ ሐረር ሄዶ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ተነገረው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1887 መጀመሪያ ላይ ከእንጦጦ ተነስቶ ቁልቁል ወረደ።

ለራምቦ ያዘነ ይኖራል። ነገር ግን በገዢው ጫማ ሆኖ ማየትም ያስፈልጋል። «ጠመንጃ» የሚለው ስም ብቻ 40 ፍራንክ አያወጣም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይመታል ወይ?

እንደ ተጫዋች ዝውውር

ያገለገለ ጠመንጃ መግዛት ከእግር ኳስ ሰው ሕይወት የራቀ ነገር አይደለም። በዕድሜ የገፋ አጥቂ ከማስፈረም ምንም አይለይም። ወኪሉ የድሮ ቪዲዮ ያሳያል። ስሙ ትልቅ ነው። ፀጉሩም ተስተካክሏል። ጉልበቱ ግን እንዴት ነው? አስተዋይ ክለብ ውል ከመፈራረሙ በፊት ሐኪም ዘንድ ይልካል፣ ልምምድ ላይ ያየዋል፣ ደጋግሞ ያስመታዋል። ሞኝ ክለብ በስሙ ይገዛና ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀልበዋል።

የጠመንጃውም እንዲሁ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ገበሬውን የሚያስቸግሩ፣ ማሳና ግጦሽ የሚቆፍሩ ትናንሽ እንስሳትን ከሩቅ ለመምታት የሚሠራ የጠመንጃ ዓይነት አለ። በርሜሉ ወፍራምና ከባድ፣ ጥይቱ ቀጭንና ፈጣን ነው። ኢላማው ከጃርት ያነሰ እንስሳ ስለሆነ ለስህተት ቦታ የለውም። ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት ጥይቶች አንዱ 223 ሬሚንግተን የሚባለው ነው። አዎ፣ ስሙ በራምቦ ግመሎች ጀርባ ላይ ከነበሩት ጥይቶች ጋር አንድ ነው! የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ከሁለተኛ እጅ ሲገዛ በርሜሉ ሺህ ጊዜ ተተኩሶበት ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ውስጡን ግን ማን ያውቃል?

መጀመሪያ የሚመጣው «የሐኪም ምርመራ» ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለቴ ይረጋገጣል። ከዚያ በርሜሉ ከኋላ በኩል በብርሃን ይታያል። በርሜል ውስጥ ጥይቱን እንደ እንዝርት የሚያሽከረክሩ ጥምዝምዝ ፈሮች አሉ። ፈሮቹ ቀድመው የሚበሉት ጥይቱ ከሚጎርስበት ቦታ ፊት ለፊት ነው፤ የባሩዱ እሳት የሚበረታው እዚያ ነውና። ቀጥሎ የአፈሙዙ ጫፍ ይፈተሻል። ጥይቱ በርሜሉን ለቆ ሲወጣ ለመጨረሻ ጊዜ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከተጎዳ፣ ጥይቱ እንደ ተንሸራተተ ቅጣት ምት አቅጣጫውን ይስታል። ከዚያ ሰደፉንና መነጽሩን የያዙት ብሎኖች ይነካካሉ። ስንቱ «ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ጠመንጃ አንድ ብሎን ሲጠብቅለት ነፍስ የዘራ መሰላችሁ! በመጨረሻም በርሜሉ ውስጥ የተጋገረው የባሩድና የመዳብ ቅሪት በወልውሎ ጥርግ ተደርጎ ይወጣል። ቆሻሻ በርሜል ይዞ መፈተን፣ ከአውሮፕላን የወረደ ተጫዋች ወዲያው ሜዳ አስገብቶ እንደ መገምገም ነው።

አምስት ጥይት፣ አንድ ቆርኪ

ቀጥሎ ዋናው ፈተና ነው። ተኳሹ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። ጠመንጃው ከፊትም ከኋላም በአሸዋ ከረጢት ይደገፋል። ምክንያቱም የሚፈተነው ሰውየው አይደለም፤ ጠመንጃው ነው። ዒላማው 100 ሜትር ላይ ይቆማል። ጥይቱ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓይነት፣ የሚቻል ከሆነም ከአንድ ጊዜ ምርት መሆን አለበት። ሁለት ሦስት የማሟሟቂያ ጥይት ይተኮሳል። ከዚያ አምስት ጥይት ቀስ እየተባለ፣ በርሜሉ እንዳይግል ፋታ እየተሰጠው፣ አንድ ነጥብ ላይ ይተኮሳል።

ወረቀቱ ሲመጣ የሚለካው ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቀ አይደለም። በጣም የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች ከማዕከል እስከ ማዕከል ያላቸው ርቀት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ጥሩ ጠመንጃ በ100 ሜትር አምስቱንም ጥይት በሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ እንዲሰበስብ ይጠበቃል። ይህ ማለት በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ስፋት መሆኑ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል ርቆ፣ ቆርኪ!

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አምስቱም ጥይት ቆርኪ በሚያህል ቦታ ቢሰበሰቡ፣ ነገር ግን ከመሃሉ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ርቀው ቢያርፉ ጠመንጃው መጥፎ ይመስላቸዋል። በጭራሽ! ያ ጠመንጃ ሁልጊዜ የቀኙን ቋሚ ብረት እንደሚመታ አጥቂ ነው። አሠልጣኝ ትንሽ ያርመዋል፣ ነገ ጎል ያገባል። የመነጽሩን ማስተካከያ ጥቂት ማዞር ይበቃዋል። የሚያስፈራው አንዱን ወደ ኮርና ባንዲራ፣ አንዱን ወደ ካታንጋ፣ አንዱን ደግሞ መረብ ውስጥ የሚልከው ነው። መረብ ውስጥ የገባችውን ብቻ ቆጥሮ የሚያጨበጭብ፣ ገንዘቡን ይሰናበት።

ሁለተኛው ስህተት መቸኮል ነው። ሦስት ጥይት ተኩሶ፣ ሦስቱም ገጥመውለት «አገኘሁ!» የሚል ገዢ ብዙ ነው። በአንድ ጨዋታ ሀትሪክ የሠራ ሁሉ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ አይሆንም። ፈተናው ሦስት አራት ጊዜ መደገም አለበት። ስብስቡ ሰፍቶ ቢገኝ እንኳ ፍርድ ከመስጠት በፊት ጥይቱ ይለወጣል። አንዳንድ በርሜል ቀለል ያለውን ጥይት ይወዳል፣ አንዳንዱ ከበድ ያለውን። ጉዳዩ የፈሮቹ ጥምዘዛ ፍጥነትና የጥይቱ ርዝመት መጣጣም ነው። በርሜሉ እየጋለ ሲሄድ ቀዳዳዎቹ በቁም መስመር ከተሰለፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በርሜሉና ሰደፉ በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ታይቶ ነው «አርጅቷል» የሚባለው።

ወደ 1879ኙ እንጦጦ ስንመለስ ልዩነቱ ግልጥ ይላል። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች በርሜላቸው ልሙጥ ነበር፤ ጥምዝምዝ ፈር የላቸውም። ክብ እርሳሳቸው በርሜሉ ውስጥ እየተላተመ ይወጣል። በ100 ሜትር ቆርኪ ቀርቶ አንድ የቆመ ሰው መምታት እንኳ የዕድል ጉዳይ ነበር። የሰባት ፍራንኩና የአርባ ፍራንኩ ክርክር መነሻው ይኸው ነው።

የእንጦጦ አየር

የተራራው አየርም በዚህ ጨዋታ ውስጥ ድርሻ አለው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ግድም የሳሳ ነው። ለሯጭ ሥቃይ ነው፤ ኦክሲጅን ያንሰዋልና። ለጥይት ግን ድግስ ነው። የሚገፋው አየር ስለቀነሰ ፍጥነቱ ቶሎ አይደክምም፣ መውደቁም ይቀንሳል። ታጁራ ወደብ ላይ ማነጣጠሪያው የተስተካከለ ፈጣን ጠመንጃ እንጦጦ ላይ ቢተኮስ፣ በ100 ሜትር ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ከ300 ሜትር በላይ ሲሆን ግን ጥይቱ ከታሰበው ከፍ ብሎ ያርፋል። ስለዚህ ማነጣጠሪያ የሚስተካከለው በሚተኮስበት አገር ነው።

የኳስ አፍቃሪ ይህን ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። የቦሊቪያዋ ላፓዝ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ኳስ ትፈጥናለች፣ መጠምዘዟ ይቀንሳል፣ እንግዳው ግብ ጠባቂ ግራ ይጋባል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ጩኸቱ ሲበረታ በ2008 አነሳው። በ2009 ሚያዝያ መባቻ ላይ የዲዬጎ ማራዶናዋ አርጀንቲና ሜሲን ይዛ ላፓዝ ወጥታ 6 ለ 1 ተሸንፋ ወረደች። ማነጣጠሪያውን ለዚያ አየር ያላስተካከለ ቡድን ዕጣው ይኸው ነው!

የተዋሱት ጠመንጃ በአቴንስ

ተኩስ ከመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ፣ ከ1896 ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ሕዝብ በየቤቱና በየካፌው ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስ 10,000 ሜትሩን አሸንፎ፣ ስለሺ ስህን ሁለተኛ የወጣባት፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከነጉዳቱ አምስተኛ የሆነባት ምሽት ናት። በዚያው ዕለት በተኩሱ ሜዳ አሜሪካዊው ማት ኤመንስ በ50 ሜትር በደረት ተኝቶ በሚተኮሰው ውድድር ወርቅ ወሰደ። ያሸነፈበት ጠመንጃ ግን የራሱ አልነበረም። ወደ ኦሊምፒኩ ከሚያሳልፈው የአገሩ ማጣሪያ በፊት ያልታወቀ ሰው ጠመንጃውን ሆን ብሎ አበላሽቶበት ስለነበር፣ ሰው የተጠቀመበትን ተውሶ ነው የተወዳደረው። ሌላ ሰው ያገለገለበት ጠመንጃ፣ ተፈትኖ እስካለፈ ድረስ፣ የኦሊምፒክ ወርቅም ያመጣል!

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። ከሁለት ቀን በኋላ ኤመንስ በሦስት አቋቋም በሚተኮሰው ውድድር በሦስት ነጥብ እየመራ የመጨረሻዋ ጥይት ብቻ ቀረችው። አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ፣ መታ። የመታው ግን የጎረቤቱን ዒላማ ነበር! ነጥቡ ዜሮ ተጻፈ። ከአንደኝነት ወደ ስምንተኛ ተንሸራተተ፣ ወርቁንም ቻይናዊው ጂያ ዣንቦ ወሰደ። በራሱ ጎል ላይ በ90ኛው ደቂቃ እንደ ማስቆጠር ነው። ያን ምሽት ሊያጽናናው የመጣችው ቼካዊት ተኳሽ ካተሪና ኩርኮቫ በኋላ ሚስቱ ሆነች። ስለዚህ አንድ ነገር አተረፈ። ጠመንጃ ቢፈተንና ቢያልፍ እንኳ ከጀርባው ያለው ሰው ፈተናው እንደማያልቅ ግን አቴንስ አሳይታለች።

ስም የሚያወጣ ገዢ

የእንጦጦው ገዢ ከዚያች ንግድ በኋላ ምን ሆኑ? ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በዚያችው በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከፈረንሳይም ከጣልያንም ከሌላውም መሣሪያ ማሰባሰቡን ገፉበት፤ ጣልያን ራሷ ሳትቀር ለምኒልክ ጠመንጃ አቅርባለች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር ከኋላ የሚጎርስ፣ ፈር ያለው ጠመንጃ በአሥር ሺዎች ይዞ ነበር።

ሕዝቡም ቢሆን ጠመንጃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቅ እንደነበር ከቋንቋው ይታያል። ሁሉንም «ጠመንጃ» ብሎ አላለፈም። የእንግሊዙን ስናይደር ሰናድር፣ የፈረንሳዩን ፉዚ ግራ ውጅግራ፣ ለቤሉን ለበን፣ የኦስትሪያውን ማንሊኸር ምንሽር እያለ ለያይቶ ስም አወጣ። የቱ ሩቅ እንደሚመታ፣ የቱ ጥይቱ እንደሚገኝ፣ የቱ እንደሚነክስ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ ስም የሚያወጣው። የዛሬ የስታዲየም ተመልካች ለተጫዋች ቅጽል ስም እንደሚያወጣው መሆኑ ነው።

ዛሬ እንጦጦ ላይ የቀረው የተኩስ ድምፅ አይደለም። ጠመንጃ መያዝና መጠቀም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ፈተናውም የሚካሄደው በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ እንጂ በጫካ ውስጥ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳልያዎችም እስከ ዛሬ ሁሉም በሩጫ የመጡ ናቸው።

ያም ሆኖ ዒላማ ለኢትዮጵያ ስፖርት ጨርሶ ባዕድ አይደለም። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ይዞ ዒላማ ፊት ቀረበ። ሁለት ጊዜ የማራቶን ወርቅ ያጠለቀ ሰው በስሙ ብቻ ሊከበር ይችል ነበር። እሱ ግን እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተሰልፎ ቀስቱን ወረወረ፣ ነጥቡም ተቆጠረ።

ዒላማ የሚያከብረው ይህንኑ ብቻ ነው። የራምቦ ጠመንጃዎች «ጠመንጃ» በሚል ስም ብቻ በረሃውን አቋርጠው መጡ፣ እንጦጦ ላይ ዋጋቸው ወረደ። የኤመንስ ውሰት ጠመንጃ ማንም ሳያውቀው አቴንስ ገባ፣ ወርቅ ይዞ ወጣ። ጠመንጃም ሆነ ተጫዋች ሲቀርብላችሁ ስሙንና መብረቅረቁን ለሻጩ ተዉለት። አምስት ጊዜ ይተኩስ፣ ወረቀቱ ይምጣና ቀዳዳው ይናገር!